ያልተንኳኩ አሥራ ሁለት በሮች

ለስንብት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ ይህን የእኅቴን ዜና ሕይወት ራሳቸው አልጋ ላይ ሆነው አርመው፣ አንዲት ቃል እንዳላስቀር አስምለውኝ የሰጡኝ ስለሆነ፣ ታናሽ ወንድማቸውን በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

እኅታችን ከአናጺ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጸሐፊ እናታቸው ለቤቱ በኩር ሆነው ተወለዱ። ደረጃ እንኳ ሳይቆጥሩ የማይወጡ ልጅ ነበሩና፣ ከክፍል አንደኛ እየወጡ ዩኒቨርሲቲ ደርሰው ኢኮኖሚክስን፣ ቢዝነስንና ዳታ ሳይንስን አጣምሮ በሚያስተምረው ክፍል ገቡ።

በመጨረሻው ዓመት ክፍሉ ለጤና ቢሮ የቤት ለቤት ጥናት ሲያካሂድ፣ ለእርሳቸው አንድ ሰፈር ደረሳቸው። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አላባራ ብሎ ጫማቸውም ውሃ ስለገባበት፣ የቀሯቸውን አሥራ ሁለት ቤቶች ሳያንኳኩ ከሱቅ በረንዳ ሥር ተቀምጠው፣ ነዋሪዎቹን፣ አንዲት ወላድ ሳይጨምሩ፣ ከልባቸው ፈጥረው ቅጹን ሞሉ። ለመጨረሻው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ የስድሳ ሦስት ዓመት ጡረተኛ ጻፉ። በናሙና ጥናት አንድ ቤት ለብዙ ቤት ይቆማልና፣ በሰፈሩ ወላድ ጥቂት ነው ተብሎ የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ተዘጋ። እርሳቸውም በማዕረግ ተመረቁ።

በዓመቱ፣ ረዳት መምህርት ሆነው ጥናቱን ለማደስ ወደ ሰፈሩ ሲመለሱ፣ ያንን የመጨረሻ በር አንኳኩ። የከፈቱላቸው አራስ ሕፃን የታቀፉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤታቸው ምጥ ይዟቸው ወደ ሩቅ ሆስፒታል ሲወሰዱ፣ መንገድ ላይ ተገላግለው ሕይወታቸው ማለፉን ነገሯቸው። እኅታችን የሰሙትን በቅጹ ላይ ጽፈው፣ እውነቱን ሳይነግሯቸው ሄዱ። በወሩ እዚያው መንገድ ላይ ቤት ተከራይተው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲያስተምሩ፣ ለጥናት ወጥቶ ቤቱ ዝግ ነበር የሚል ተማሪ ሁሉ የሚያገኘው መልስ «ተመለሱና አንኳኩ» ብቻ በመሆኑ «ቲቸር ተመለሱ» የሚል ስም ወጣላቸው። ቤተ መጻሕፍት ጠባቂውን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። አንድ ጊዜ ቁርስ ላይ «ጡረተኛው ዘንድሮ ሰባ ሞላቸው» ቢሉ፣ ባለቤታቸው የጎረቤት ወሬ መስሏቸው «ዕድሜ ይስጣቸው» አሉ። እኅታችን የዚያን ዕለት እህል አልቀመሱም። በልባቸው የፈጠሯቸውን ሰዎች በየዓመቱ ዕድሜ እየጨመሩላቸው እንደሚኖሩ ማንኛችንም አናውቅም ነበር።

የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በተኙ ጊዜ፣ አሥራ ሁለቱን ቤተሰቦች በየተራ እየጠሩ ወንበር አቅርቡላቸው ይሉን ጀመር። የዘጠና ስድስት ዓመቱ ጡረተኛ በር ላይ ቆመዋል፣ አስገቧቸው ሲሉን፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈራን፤ ግን በሩን ከፈትን፣ ወንበሩንም አቀረብን። ነገሩን ሁሉ አጫውተው ይህን ጽሑፍ ያስጻፉኝ ያን ጊዜ ነው። በአምስተኛው ቀን፣ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በመንገድ ላይ የተወለደችውንና ከፊደል ጀምሮ አስተምረው ለዚያው ክፍል መምህርትነት ያበቋትንም ልጅ ትተዋል። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ አባቷ ናቸው፤ አባትና ልጅ ይህን ሲሰሙ ገና አሁን ነው። እኅቴን ከመሞታቸው በፊት ይቅርታ ልለምንልዎት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «የለም፣ አንብበህ ውረድ፤ እሱን ለእነሱ ተወው» ብለውኛል።

አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። ለእኛ ለቤተሰቡ፣ ከእኛም በፊት ለእነዚህ ለሁለቱ፣ መጽናናቱን ይስጥ።