የጥቁር ሂና ጣጣ

ድሬዳዋ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ከሐረር በሚኒባስ የመጡት የስፌት መኪና ጠጋኝ ጋሽ ደምሰው ዓይኖቻቸው በእብጠት ተከድነው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ረድኤት መርፌ ታዘጋጃለች።

ደምሰው፦ ንብ ነው አልኩሽ እኮ! ውጊኝና ልሂድ፤ ቀጠሮ አለብኝ።

ረድኤት፦ ስንት ንብ?

ደምሰው፦ እኔ ቆጠርኩት እንዴ? መንጋ ነው።

ረድኤት፦ መንጋው ግንባርዎን፣ ጆሮዎንና ዓይንዎን ነድፎ አገጭዎ ጋ ሲደርስ “ከዚህ በታች አያገባንም” ብሎ ተመለሰ?

ደምሰው፦ ሥርዓት ያለው ንብ ነው። የሐረር ንብ።

ረድኤት፦ ጆሮዎንም ጥቁር ቀለም ቀብቶት ነው የሄደው።

ደምሰው፦ የቱን ጆሮ?

ረድኤት፦ ሁለቱንም። ትራሱንም። ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ምን ተቀቡ?

ደምሰው፦ ቅጠል።

ረድኤት፦ የምን ቅጠል?

ደምሰው፦ ሂና ነዋ! ሙሽሮች የሚቀቡት። ማታ ተቀባሁት፣ ሌሊቱን ሲያሳክከኝ አደረ። ግን ንጹሕ የተፈጥሮ ቅጠል ነው። ቅጠል ሰው ይጎዳል?

ረድኤት፦ ሳማም ቅጠል ነው። እስቲ ፊትዎን ይሹበት።

ደምሰው፦ አሁን ይሄ ነርስነት ነው?

ረድኤት፦ ነርስነቱን አሁን ልጀምር ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ጉሮሮዎን ያንቅዎታል? ምላስዎ ከብዶዎታል?

ደምሰው፦ ምላሴማ ምን ይሆናል!

ረድኤት፦ እሱንስ እየሰማሁት ነው። የሚያንቅ ነገር ከመጣ ግን ያኔውኑ ይንገሩኝ፤ እሱ ቀልድ አያውቅም። በሉ ክንድዎን፤ አለርጂውን የሚያበርድ ነው፣ ዶክተሩ ያዘዘው።

ደምሰው፦ ኧረ ቀስ! ከንቧም ብሰሽ ቁጭ አልሽ!

ረድኤት፦ የንቧን ነገር ጨርሰናል። አሁን ወደ ሳፋው ጎንበስ ይበሉ፣ ራስዎን ልጠብዎት።

ደምሰው፦ ሊለቅ ነው እኮ!

ረድኤት፦ እንዲለቅ ነዋ። በቆየ ቁጥር ይብስብዎታል።

ደምሰው፦ ሲስተር፣ በእናትሽ፣ ከፊት ከፊቱን ተይልኝ። የኋላውን እንደፈለግሽ።

ረድኤት፦ በእናቴ አይለምኑኝ። ጎንበስ! ውይ ጋሼ፣ ውሃው የተቃጠለ ዘይት መሰለ እኮ። ይሄ ሂና አይደለም።

ደምሰው፦ ሂና ነው። ጥቁር ሂና።

ረድኤት፦ ጥቁር የሚባል ሂና የለም። ሠርግ ላይ የሙሽሮችን እጅ አላዩም? ሂና ቀይ ነው፣ ቡናማ ቢሆን ነው። ፀጉርዎ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ?

ደምሰው፦ ግማሽ ሰዓት። ሻጩ “በግማሽ ሰዓት ሃያ ዓመት ይቀንሳል” አለኝ።

ረድኤት፦ የቀነሰው ዓይንዎን ነው። እውነተኛው ሂና ሰዓታት ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ካጠቆረ ሌላ የቀለም ኬሚካል ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ማሸጊያው አለ?

ደምሰው፦ ኮቴ ኪስ ውስጥ እይው።

ረድኤት፦ “መቶ በመቶ ተፈጥሮ” ይላል። የሚያምር ቅጠልም ተስሎበታል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም።

ደምሰው፦ እኔ ቅጠሉን አይቼ ነው የገዛሁት።

ረድኤት፦ የገዙትማ ሥዕሉን ነው። ቀዩን ቢቀቡ ምን ነበረበት?

ደምሰው፦ ቀዩንማ ቀመስኩት! የዛሬ ሁለት ሳምንት እውነተኛውን ሂና ተቀባሁ፣ ሽበቴ ካሮት ሆኖ አደረ። ጠዋት መኪና ግርግር፣ ያው የሰፊዎቹ መንገድ ላይ፣ ብቅ ስል ሰፊዎቹ ሁሉ መርገጫቸውን አቁመው “እንኳን ከሐጅ በሰላም መጡ!” አሉኝ። በማግስቱ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ቄሱ ሁለቴ ዞረው አዩኝ።

ረድኤት፦ ውይ ጋሼ!

ደምሰው፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ውሃውን ብቻ ጆሮዬ ውስጥ አታፍሺው። ያንን ካሮት ልሸፍን ብዬ ነው ጥቁሩን ያመጣሁት።

ረድኤት፦ ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች አሉ።

ደምሰው፦ ዓይኑማ ጠፋ፣ እያየሽው።

ረድኤት፦ ከዚህ በፊት ሞክረውት ያውቃሉ? ጥቁሩን ማለቴ ነው።

ደምሰው፦ ባለፈው ሳምንት ሪዜን ቀብቼው ነበር። ከንፈሬን ትንሽ አሳከከኝ፣ ከዚያ ተወኝ።

ረድኤት፦ ሰውነትዎ አስጠንቅቆዎት ነበር እኮ። አንዴ ያሳከከ ነገር በሁለተኛው ይብሳል። ሰው አዲስ ቀለም ሲገዛ ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብቶ ሁለት ቀን ይጠብቃል። እርስዎ ግን ከእንግዲህ ጥቁር ቀለም፣ ቅጠል ይባል አበባ፣ በደጅዎ አይለፍ። የትም ሲታከሙ ደግሞ ይንገሯቸው።

ደምሰው፦ እሺ። አሁን ለቀቀ?

ረድኤት፦ ግማሹ። ከጥቁሩ ሥር ካሮቱ ወጣ፣ ከካሮቱ ሥር ደግሞ ሽበቱ። ፎቅ ቤት ሆነዋል።

ደምሰው፦ አለቀልኝ በይኛ።

ረድኤት፦ ለመሆኑ ማን ይይልኝ ብለው ነው ይህን ሁሉ?

ደምሰው፦ ልጅቷ ናት።

ረድኤት፦ ልጅቷ? ኧረ ጋሼ!

ደምሰው፦ ምን ነካሽ፣ እንደሱ አይደለም! የሴትየዋ ልጅ ማለቴ ነው።

ረድኤት፦ የየትኛዋ ሴትዮ?

ደምሰው፦ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፣ እዚያው ሐረር። ባሏ ሞቶባት ልጇን ብቻዋን ያሳደገች። ዘንድሮ ስፌት መኪናዋ አራት ጊዜ ተበላሸ፤ የምጠግነው እኔ ነኝ። በአራተኛው ከፍቼ ሳየው ምንም አልሆነም። አንዷ ብሎን ብቻ በእጅ ተፈትታለች።

ረድኤት፦ በእጅ?

ደምሰው፦ በእጅ። ተፈትታ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጣለች።

ረድኤት፦ እርስዎስ ምን አሉ?

ደምሰው፦ “ከባድ ብልሽት ነው፣ ሦስት ቀን ይፈጃል” አልኳት።

ረድኤት፦ ጉድ ናችሁ! ሁለታችሁም።

ደምሰው፦ ታዲያ ሽማግሌ ልላክ ስላት “ልጄ እሺ ካላለች አይሆንም” አለችኝ። ዓለም ተገለበጠና ሽማግሌ የሚላከው ወደ ልጅ ሆነ። ልጅቷ እዚሁ ድሬ ነው የምትሠራው። ዛሬ ቤቷ ምሳ ጠርታናለች፤ ሽማግሌዎቹ ከእናቷ ጋር በኋላ ይመጣሉ። እኔ ፀጉር ቤት ገብቼ ልስተካከል ብዬ ቀደም አልኩ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ፊቴ ይነፋ ጀመር። ተሳፋሪው ነው ደጃችሁ ላይ ያወረደኝ።

ረድኤት፦ ልጅቷ... እንዴት ያለች ናት?

ደምሰው፦ በአካል አላየኋትም። አስፈሪ ናት ይባላል።

ረድኤት፦ ማን ነው የሚለው?

ደምሰው፦ እኔ። ፎቶዋን አይቼዋለሁ፤ ፊቷ ፍርድ ቤት ነው። ቀጠሮ እንጂ ፈገግታ አይሰጥም።

ረድኤት፦ ቀጠሮ እንጂ ፈገግታ። እሺ፣ ይቀጥሉ።

ደምሰው፦ እናቷ የኔን ፎቶ በስልክ ብትልክላት፣ “እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አያቴን ነው የሚመስለው” አለቻት። እናትየዋ እየሳቀች ነገረችኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን መስታወት ፊት ቆምኩ። ለካ ሳላስተውለው ሸምግያለሁ። ሴትየዋን ደግሞ እንዲህ ሆኜ... ሲስተር? ውሃው ቆመሳ። አለሽ?

ረድኤት፦ አለሁ።

ደምሰው፦ ምነው፣ ዓይኔ አይድንም?

ረድኤት፦ ይድናል። ጥቂት ቀን ይፈጃል እንጂ ይድናል። ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።

ደምሰው፦ የምታጠበው እኔ፣ ሳሙና የሚገባው አንቺ ዓይን?

ረድኤት፦ ልጅቷ ግን... አስባበት የተናገረችው አይመስለኝም። ሰው እኮ እናቱን የሚወስድበት ሲመጣ በቀልድም ይከላከላል።

ደምሰው፦ አልተቀየምኳትም። እኔስ ብሆን እናቴን በፎቶ እሰጣለሁ እንዴ? ስንት ሰዓት ሆነ? በይ አድርቂኝና ልሂድ።

ረድኤት፦ የትም አይሄዱም። እብጠቱ ተመልሶ እንዳይነሳ እስከ ማታ ይታይ ብሏል ዶክተሩ።

ደምሰው፦ ኧረ ተይ! ያቺ ሴት በሽማግሌዎቹ ፊት “ቀጥሮ ቀረባት” ልትባል ነው? ልጅቷስ ምን ትላለች? “ድሮም አላማረኝም” ነው የምትለው!

ረድኤት፦ አትልም።

ደምሰው፦ አንቺ በምን አወቅሽ?

ረድኤት፦ ይጋደሙ እስቲ። ከደጅ ደግፈን ነው ያስገባንዎት፣ ካርድ እንኳን አላወጣንልዎትም። ሙሉ ስም?

ደምሰው፦ ደምሰው አየለ።

ረድኤት፦ ዕድሜ?

ደምሰው፦ ሃምሳ...

ረድኤት፦ ጋሼ፣ ቀለሙ ለቋል።

ደምሰው፦ ስልሳ ሦስት።

ረድኤት፦ ቤተሰብ አለ? የምንደውልለት?

ደምሰው፦ ማንም የለም። ሚስቴ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ልጅ አልሰጠንም። ያለኝ የሰው ስፌት መኪና ነው።

ረድኤት፦ ወይዘሮ አስካለ ጋ ልደውል?

ደምሰው፦ አይ፣ እሷን አታስደንግጪያት፣ ገና መንገድ... ቆይ። ስሟን መቼ ነገርኩሽ?

ረድኤት፦ አልነገሩኝም።

ደምሰው፦ ታዲያ ማን ነገረሽ?

ረድኤት፦ ከትንሽነቴ ጀምሮ “የእናት ስም” የሚል ባገኘሁ ቁጥር ስጽፈው የኖርኩት ስም ነው።

ደምሰው፦ እግዚኦ! አንቺ ነሽ? ዓይኔን ግለጪልኝ!

ረድኤት፦ አይገለጥም። ቢገለጥም የሚያዩት ፍርድ ቤት ነው።

ደምሰው፦ እሱን ትኩሳት ነው ያናገረኝ!

ረድኤት፦ ትኩሳት የለዎትም፣ ለክቼዎታለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ጋሼ።

ደምሰው፦ የብሎኗንስ ነገር! አደራ፣ ለእናትሽ እንዳታነሺባት። እንዳወቅኩባት አታውቅም፣ ታፍራለች።

ረድኤት፦ አላነሳባትም። እርስዎም አንድ ነገር ይስሙኝ። ያንን የአያቴን ነገር ስናገር እየሳቅኩ አልነበረም። አባቴ ሲሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ፎቶውን ሳየው ፈራሁ፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚናገረውን አያውቅም። ለዚህ ያበቃዎታል ብዬ አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደምሰው፦ ተይ እንጂ! ቀለሙን የተቀባሁት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ አንቺ? ይልቅ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ደውይና ሽማግሌዎቹን መልሺያቸው። ሌላ ጊዜ፣ ሰው ስመስል ይምጡ።

ረድኤት፦ አልመልስም። እስከ ስድስት ሰዓት ተረኛ ስለሆንኩ ምሳው ትናንት ነው የተሠራው፣ በሳህን አሲዤ እዚሁ አስመጣቸዋለሁ።

ደምሰው፦ እዚህ? እንዲህ ዱባ ሆኜ ትየኝ?

ረድኤት፦ በገዛ እጇ ደህና መኪና የፈታች ሴት እብጠት አይመልሳትም።

ደምሰው፦ አላነሳም ብለሽ!

ረድኤት፦ እሷ ፊት ነዋ፣ እርስዎ ፊት መች አልኩ። በሉ አሁን አረፍ ይበሉ።

ደምሰው፦ እንዴት አባቴ አረፍ እላለሁ? ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁሽ ምን ልትመልሺ ነው? እሱን ንገሪኝና ልተኛ።

ረድኤት፦ ካርዱን ልጨርስበት እንጂ። “አስታማሚ” ይላል፤ ረድኤት ብዬ ጽፌያለሁ።

ደምሰው፦ ነርሷ ራሷ አስታማሚ ትሆናለች እንዴ?

ረድኤት፦ ከሥሩ “ዝምድና” የሚል አለ። እሱን “ልጅ” ብዬ ሞልቼዋለሁ።