ሻሚልን ማን ይረከብ?

ባለፈው ሚያዝያ ከቴፒ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚኒባስ ስሄድ በቀኜ አንድ ሽማግሌ፣ በግራዬ አንዲት ወጣት ተቀመጡ። ሽማግሌው አቶ ዐብዱልጀባር የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው፤ ከጅማ አካባቢ መጥተው ቴፒ ከተቀመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ወጣቷ ማናልሞሽ ትባላለች። ሥራዋ አጥፍተው የታሰሩ ልጆችን መከታተል ነው፤ ትጎበኛቸዋለች፣ ቤተሰባቸውን ታፈላልጋለች፣ ጉዳያቸውን ለዳኛ ታስረዳለች። መምህር ስለሆንሁ ሰው ማናገር አይከብደኝም፤ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ገና ከተማውን ሳንለቅ ነው።

አቶ ዐብዱልጀባር ሰምተዋት ኖሮ ዘወር አሉ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሉ በትሕትና፣ «ልጆቹን የምታበላሿቸው እናንተ ናችሁ። ያጠፋ ልጅ ይታሰር፣ ይቅመሰው። ያኔ ልብ ይገዛል።»

«ያጠፋ ልጅ ዝም ተብሎ ይታለፍ አላልኩም አባባ። ጥፋቱን ይወቅ፣ የበደለውንም ይካስ ነው የምለው። እስር ይህን ያስተምረዋል ወይ?»

«ምክር ያልመለሰውን ሌላ ምን ይመልሰዋል?»

«አሁን የያዝኩት ልጅ ዕድሜው አሥራ አራት ነው። ሚዛን አጠገብ አማን ከተማ ውስጥ ከጓደኛው ጋር የሰው ባጃጅ አስነስተው ሲነዱ አንዲት እናት ገጭተው የእሳቸውን እግር ሰበሩ። ጓደኛው ሮጦ አመለጠ። እሱ ግን ሴትዮዋን ደግፎ ሰው እስኪመጣ ጠበቀ። የተያዘውም ስላልሸሸ ነው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ሴትዮዋ ማን ይባላሉ?»

«ወይዘሮ ሸዋነሽ። ገበያ ውስጥ ሙዝ ይሸጣሉ።»

«እንግዲያው ልጁ ሻሚል ነው፤ የልጅ ልጄ» አሉ። «አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አክስቱ ዘንድ ሆኖ ይማር ብዬ ነበር አማን የላክሁት።»

ማናልሞሽ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ልትቆም ምንም አልቀራት። «እኔ እኮ ትናንት ቴፒ የሄድኩት እርስዎን ፍለጋ ነው! ሱቅዎ ዝግ ነው፣ ስልክዎም አይነሳም። ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዳኛ ፊት ይቀርባል። አክስቱ አልችልም ብለዋል። ኃላፊነት የሚወስድ ዘመድ ከመጣ በክትትል ይለቀቃል፤ ካልመጣ እዚያው ይቆያል።»

«ስልኩን ያላነሳሁት አውቄ ነው። ስሜን አሰደበ። ይማርበት ብዬ ተውሁት።»

«እየተማረ ነው አባባ። የሚማረውን ልንገርዎት? ልጆቹ የሚያድሩት ለብቻ ነው፤ ቀን ግን ግቢው አንድ ነው። የዚያን ቀን ባጃጁን ያስነሡት ቁልፉ ተረስቶ ስላገኙት ነበር። ዛሬ ሻሚል ያለ ቁልፍ ማስነሣት ያውቃል። ከትልልቆቹ እስረኞች አንዱ አስረዳው። ራሱ ነው እያፈረ የነገረኝ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ሰዓት እኔም ልቤ ወደ ሽማግሌው ያደላ ነበር። የሚያስቸግር ተማሪ ከትምህርት ቤታችን ሲባረር ፊርማዬን አኑሬ አውቃለሁ፤ የተባረረው ልጅ የት እንደሚገባ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ስለ እኔ ምን ይላል?» አሉ አቶ ዐብዱልጀባር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቢመጡ በምን ዓይኑ እንደሚያይዎት ነው የሚጨንቀው። በሄድኩ ቁጥር ስለ መፈታቱ አይደለም የሚጠይቀኝ፤ የወይዘሮ ሸዋነሽ እግር ተሻለው ወይ ነው የሚለኝ።»

«ካስወጣሁት በኋላ መልሶ ቢያጠፋስ?»

«አያጠፋም ብዬ አልዋሽዎትም። ክትትሉም ለዚህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ትምህርቱን ይቀጥላል። ወይዘሮ ሸዋነሽንም አነጋግሬአለሁ። "መታሰሩ ለእኔ ምን ይረባኛል? እግሬ እስኪጠና ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዜን ገበያ ያድርስልኝ" ነው ያሉት።»

ሚዛን ደረስን። ስንወርድ ከሽማግሌው ኮረሪማ የሚረከብ ነጋዴ እጁን እያውለበለበ ሲጠራቸው፣ «ነገ እመጣለሁ» ብለውት አለፉ። የኮረሪማ ጆንያቸውን ባጃጅ ላይ ጭነን ሦስታችንም ወደ ፍርድ ቤት ሄድን።

የልጆች ጉዳይ በዝግ ስለሚታይ እኔ ከነጆንያው ውጭ ቀረሁ። ከገቡ አንድ ሰዓት ሊሞላቸው ሲል በሩ ተከፈተ። ቀድማ የወጣችው ማናልሞሽ ናት፤ ግድግዳውን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀጥሎ አንገቱን የደፋ ቀጭን ልጅ ወጣ፤ የአያቱ እጅ ትከሻው ላይ ነበር።

«ምሳ በልተሃል?» አሉት።

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው እንብላ። ከዚያ ወይዘሮ ሸዋነሽ ቤት ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እኔም ጭምር።»

ልጁ ያን ጊዜ አለቀሰ። እኔም ከደረቴ ላይ ከባድ ነገር የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ።

ሐምሌ ላይ አቶ ዐብዱልጀባርን ቴፒ ሱቃቸው አገኘኋቸው። ልጁ እሳቸው ዘንድ እየኖረ ወደ ስምንተኛ ክፍል ማለፉን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ሙዝ የሚያደርስላቸው ወይዘሮ ሸዋነሽም ያለ ምርኩዝ መሄድ መጀመራቸውን ነገሩኝ። ሁለቴ ከትምህርት ቤት መቅረቱንም አልደበቁኝም፤ አስቀምጠው አነጋግረውት ተመልሷል። «ታስሮ ቢቀር» አሉኝ፣ «ሴትዮዋ ምንም አያገኙም ነበር፤ እኔም ልጅ አልባ እቀር ነበር፤ ከተማውም አንድ የሠለጠነ ሌባ ይተርፈው ነበር።»

በመሐል ስልካቸው ጮኸ። የደወለችው ማናልሞሽ ነበረች፤ አሁን ልጁን አልረከብም የሚል አባት ሲያጋጥማት የምታገናኘው ከእሳቸው ጋር ነው። አቶ ዐብዱልጀባር ተነሥተው ወደ በረንዳው ወጡ።

«እኔም እንደ አንተ ስልክ አላነሳም ብዬ ነበር ወንድሜ» ሲሉ ሰማኋቸው። «ዛሬውኑ ሂድና አምጣው።»