የአቶ ወዳጆ የተረፈ ክኒን

መሐል ሜዳ መናኸሪያ፣ ወደማስተምርበት ወደ ቀየት የሚሄድ መኪና ስጠብቅ፣ አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። አቶ ወዳጆ ይባላሉ፤ ከታይፎይድ ገና ማገገማቸው ነው። በወዲያ በኩል ለእረፍት ወደ ቤተሰቧ የምትመለስ እፀገነት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ሽማግሌው ከኪሳቸው ክኒን አውጥተው፣

«እኔስ ተሽሎኛል፤ ይህ የተረፈው ለእህቴ ነው። ቆላ ሰንብታ ስትመለስ ትኩሳት ጥሏታል» አሉኝ።

እፀገነት ሰምታ ኖሮ ዞር ብላ የክኒኑን ስም አነበበች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ሐኪሙ እስኪያልቅ ይውሰዱ አላለዎትም?»

«ብሏል። ግን ልጄ፣ እህቴ እየተንቀጠቀጠች እኔ ጤነኛው ልዋጥ?»

ነገሩ ከርኅራኄ የመነጨ ነውና ልጅቱ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣

«ያመመዎት ባክቴሪያ ነው፤ በዓይን አይታይም፤ የሚራባውም ለሁለት እየተከፈለ ነው» አለች።

«ያለ ወንድና ሴት?»

«አዎ። ግን እንዲሁ አይቆረስም። ምግብ ሲያገኝ ያድጋል፤ እያደገም የዘሩን መመሪያ የያዘውን ረጅም ክር ይገለብጣል። ሁለቱን ክሮች ወዲያና ወዲህ ይለያቸዋል። ክሩ ከመሃል ገለል ሳይል ለሁለት የሚከፍለውን ግድግዳ አያቆምም። እድገቱና ክፍፍሉ ካልተጠባበቁ፣ አንደኛው ልጅ ያለ ክር ቀርቶ ይሞታል።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለጠላቴ ማን ሰጠው?»

«ክኒንዎ የሚመታው እዚያው ላይ ነው፤ ክሮቹ ተተብትበው እንዳይላቀቁ ያደርጋል። በማደግ ላይ ያሉት ቶሎ ያልቃሉ፤ ትኩሳቱም ይለቅዎታል። እድገታቸውን ገትተው ያደፈጡት ግን ገና አሉ። መድኃኒቱን ካቋረጡ እነሱ ተነሥተው ይራባሉ።»

«እህቴንስ ዝም ብዬ ልያት?»

«ኧረ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት! ሕመሟ ከእርስዎ የተለየ ቢሆንስ?»

አቶ ወዳጆ ውሃ ለመኑኝና የጠዋቱን ክኒን ዋጡ።

በሳምንቱ ቀየት ገበያ ላይ አገኘኋቸው። የእህታቸው የወይዘሮ ጥሩሸዋ ደም ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኝቷል፤ የወባ መድኃኒት ወስደውም ተነሥተዋል።

«የኔን ክኒን ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ፣ እሷም አትድን፣ እኔም ተመልሼ እተኛ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የታዘዘን መድኃኒት መጨረስ ሕመም እንዳያገረሽ ይጠብቃል፤ ለታመመ ወገንም ከክኒን ይልቅ ምርመራ ይቀድማል። ይህን ልጨምርላቸው ስል፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ የገብስ ጆንያቸውን አስደግፈው፣ «ወንድሜ፣ ና አሸክመኝ እንጂ!» ብለው ተጣሩ። አቶ ወዳጆም ጥለውኝ ሄዱ።