የኪራይ ብሩሽ

ከባንክ የሚወጣን ሰው ፊት ያየ፣ ጉዳዩ መሙላቱንና አለመሙላቱን ሳይጠይቅ ያውቃል። ጋሽ ብሩሽ በዚያ ሐሙስ ረፋድ ላፕቶፓቸውን እንደ ታመመ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ እንኳ «አይዞዎት አባቴ» ብሏቸዋል። ስማቸውን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ በወጣትነታቸው በቆርቆሮ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ኮምፒውተር ገዝተው የዲዛይን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ብሩሽ ነክተው ባያውቁም ስሙ ግን አለቀቃቸውም።

ከደረጃው ሥር ከአንዲት ወጣት ጋር ሊጋጩ ለጥቂት ተረፉ። ቀና ሲሉ የእህታቸው ልጅ ናት። ዲዛይን በኮሌጅ ተምራ ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል ትሠራለች።

«ጋሼ! ምነው ፊትዎ እንዲህ ጠቆረ?»

«ተይኝ ልጄ፤ ከገዛ ቤቴ አስወጥተው ቆልፈውብኛል።»

ልጅቱ ደነገጠች። ከባንኩ ግድግዳ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው ነገሩን ጠየቀቻቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ብሩሽ የሚሠሩበት የዲዛይን ፕሮግራም የሚገዛ ሳይሆን በየወሩ የሚከራዩት ነው። በዚህ ወር ካርዳቸው ኪራዩን አልከፍል አለ። የባንኩ ሠራተኛ ደግሞ በዚህ ዓይነት ካርድ ወደ ውጭ መክፈል ለጊዜው መቆሙን፣ መቼ እንደሚከፈትም እንደማያውቅ በትሕትና ነገራቸው። ገንዘቡ አላቸው፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። ፕሮግራሙም «ክፍያዎን ያድሱ» ብሎ ከነሥዕሎቻቸው ተከረቸመ።

«ይሁን፤ የሌላው ሥራ ይቆይ ነበር» አሉ ጋሽ ብሩሽ። «የሲስተር ሥዕል ግን አይቆይም።»

ሲስተር የሚሏት የሰፈሩን ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ነፍሰ ጡሮች፣ በእርግዝና ጊዜ የሚታዩ የአደጋ ምልክቶችን በሥዕል ብቻ የሚያሳይ ትልቅ ወረቀት አዝዛቸዋለች። ሰኞ ከየአካባቢው የሚመጡ አዋላጆች ሠልጥነው ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ። ትናንት ግን ሲስተር ናሙናውን ተራ ለሚጠብቁ እናቶች አሳይታ ነበር። ፊቷና እግሯ ያበጠውን ሴት ሲያዩ እናቶቹ ተሳሳቁ።

«‹ይቺስ ደልቷታል! ባሏ ደግ ሰው መሆን አለበት› ተባባሉ አሉ» አሉ ጋሽ ብሩሽ። «ገባሽ? እንዲያ ያለ እብጠት ከራስ ምታት ጋር ከመጣ እናቲቱንም ልጁንም የሚገድል ነው። ሥዕሌ ሳይታረም ከተሰቀለ፣ የታመመችውን ሴት ‹ደልቶሻል፣ እደጊ ተመንደጊ› ብሎ ወደ ቤቷ ይሰዳታል። ማረሚያው ደግሞ እዚህ ውስጥ ተቆልፏል።» ላፕቶፑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ታዲያ ለምን በሌላ ፕሮግራም አናርመውም? ኪራይ የማይጠይቁ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። እኔም የምሠራው በእነሱ ነው።»

«የተማረ ይግደለኝ ሲሉ እሰማ ነበር፤ አንቺ ግን የምርሽን ልትገድይኝ ነው» አሉ ጋሽ ብሩሽ። «ለሰኞ የቀረኝ ምን ያህል ነው? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«የሚያውቁት ሰይጣን እኮ በሩን ዘግቶብዎት ሄዷል፣ ጋሼ። እስኪ መልአኩን አንዴ አንኳኩተው ይዩት።»

ከመናደዳቸው የተነሳ ብድግ አሉ፤ ወደ ሥራ ክፍላቸው መንገድ ሲጀምሩ ግን እንድትከተላቸው ላፕቶፑን አስያዟት። ሰው ምክር ሲፈልግ ሁልጊዜ «ምከሩኝ» አይልም፤ አንዳንዴ ዕቃውን ነው የሚያስይዘው።

የሥራ ክፍላቸው ከጫማ ሰፊው በላይ ናት። የማስቲሽ ሽታ ከሥር ይወጣል፤ በግድግዳው ላይ የወረቀት ናሙናዎች በክር ተንጠልጥለዋል። ጋሽ ብሩሽ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ክርክሩን ካቆሙበት ቀጠሉ።

«ነጻ ነው ትይኛለሽ። በዚህ ዓለም በነጻ የሚሰጥ ምን አለ?»

«አየር አለ። ጸሎት አለ። የእናቴም ምክር አለ፤ እሱንማ ሳንጠይቃትም ትሰጠናለች።»

እህታቸውን አስታወሱና ሳይወዱ በግድ ሳቁ። «እሺ፣ ማን ሠራው? ባለቤቱስ ማን ነው?»

«በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያርማል፣ ሌላው ወደየቋንቋው ይመልሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው?»

«ድሩ ቢበጠስብኝስ ማንን እከሳለሁ?»

«አሁን ተበጥሶብዎት ማንን ከሰሱ?»

ጋሽ ብሩሽ የላፕቶፑን ክዳን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ልጅቱም ይህን እንደ ድል አልቆጠረችውም፤ ከፍ ያለ ነገር መናገር ሲገባት ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ልማዷ ነው።

«ጋሼ፣ ልሸነግልዎ አልፈልግም። ነጻ ማለት እንከን የለሽ ማለት አይደለም። ስክሪን ላይ የሚያምረው ቀይ ማተሚያ ላይ ሊደበዝዝ ስለሚችል መጀመሪያ አንድ ቅጂ አትሞ ማየት ያስፈልጋል። የለመዱት መሣሪያ የሚሠራውን ሁሉ አይሠራም፤ የሚሠራውንም በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ኪራይ የሚከፍል ሰውም ኃጢአት አልሠራም፤ የሚያዋጣው ይክፈል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ብሩሹ የሰው ቢሆንም፣ ሥዕሉ ግን የእርስዎ ይሁን።»

«ሥዕሌማ የኔ ነው!»

«እንግዲያው ይክፈቱታ።»

ይህች ቃል ገብታ ተሰነቀረችባቸው። ከዚህ የባሰ ደግሞ ነበር። ጋሽ ብሩሽ ሥራቸው እንዳይሰረቅ እያሉ፣ ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው የሚችለውን ቅጂ ሁሉ የማጥፋት ልማድ ነበራቸው። የሚያስቀሩት በኪራዩ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈተውን ነው። ለደንበኛ እንዲታይ የሚልኩትንም ቢሆን በላዩ ላይ «ናሙና» የሚል ቀይ ጽሑፍ አጋድመው ነው። ሌባ እንዳይገባ በሩን ግንብ ሲያደርጉ፣ እሳቸውም ውጭ ቀሩ።

«ለሲስተር የላኩት ናሙና ይኖራል አይደል? እሱን ነጻው ፕሮግራም ይከፍተዋል» አለች ልጅቱ።

ጋሽ ብሩሽ እያቅማሙ ደወሉ። አዋላጇም «ያንን ቀይ ጽሑፍ ያጋደሙበትን? እናቶቹ እኮ ጠባሳ መስሏቸው ነበር!» ብላ እየሳቀች ወዲያው ላከችው።

ልጅቱ ፕሮግራሙን አውርዳ ፋይሉን ከፈተችው። ለአዋላጆቹ ከግርጌ የተጻፈው ማስታወሻ ፊደላት እንደ ተበተነ ጥራጥሬ እዚህም እዚያም ወድቀዋል።

«አላልኩሽም!» አሉ ጋሽ ብሩሽ፣ ሐዘንና ደስታ በተቀላቀለበት ድምፅ።

«ፊደሉን መልሰን እንጽፈዋለን። እስኪ የሴትዮዋን ጉንጭ ይንኩት።»

ነኩት። በጉንጯ ዙሪያ መስመሩ የሚታረምባቸው ትናንሽ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ። ያቺ መስመር የራሳቸው ነበረች፤ የት ጀምረው የት እንደጨረሷት ያውቃሉ። ቀዩንም ጽሑፍ ሲነኩት ለብቻው ተነሳ። በደስታ ከድሮው ፕሮግራም የለመዱትን ቁልፍ ሲጫኑ ግን ሥዕሉ በሙሉ ተገለበጠና ሴትዮዋ በአናቷ ቆመች።

ጋሽ ብሩሽ ማውዙን ለቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «የፈራሁት ፕሮግራሙን አይደለም። ይህ እጅ በሞያው የተከበረ እጅ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ሲኮላተፍ እንድታይብኝ አልፈለግሁም።»

የእህታቸው ልጅ ማውዙን አልነጠቀቻቸውም። እዚህ ላይ ብዙ የተማሩ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ «ይስጡኝ እኔ ልሥራው» ይሉና ሥራውን ያፈጥናሉ፣ ሰውየውን ግን ወደ ኋላ ያስቀሩታል። እሷ ግን «ብሩሹን ትተው ኮምፒውተር ሲይዙ፣ ማስታወቂያ መጻፍ ያስተማሩዎት አለቃ ምን አሉዎት?» ብላ ጠየቀች።

«‹ሞያህን ለኤሌክትሪክ ሸጥከው› አሉኝ።»

«ሸጡት?»

«ምን ሲደረግ! ዓይኔ ያው ዓይኔ፣ እጄ ያው…» ሲሉ የራሳቸው መልስ ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ቀስ ብለው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳቡና «በይ፣ ይቺን ሴት በእግሯ የማቆመው በየትኛው ቁልፍ ነው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ያንኑ ሴት ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ሣሏት፦ በአንዱ ጤነኛ፣ በሌላው ዓይኗ በእብጠት የጠበበ፣ እጇ ግንባሯን የያዘ፣ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልገባ ብሎ ተረከዙ ውጭ የቀረ። ሲሳሳቱ ልጅቱ ታሳያቸዋለች፤ ስትቸኩል ደግሞ «ቀስ፤ ሽማግሌ እየነዳሽ ነው» ይሏታል። አትመው ሲያዩት ቀዩ ደብዝዞ ወጣ፤ አድምቀው ደገሙት።

ዓርብ ከሰዓት ወረቀቱን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። አዋላጇ በረጅሙ አግዳሚ ላይ ተራ ለሚጠብቁት እናቶች ዘርግታ አሳየች። ዛሬ የሳቀ የለም።

«ይቺ ታማለች» አለች አንዷ። «እግዜር ይማራት፤ ጫማዋ እንኳ እንቢ ብሏታል።»

ከአግዳሚው ጫፍ የተቀመጠች አንዲት ነፍሰ ጡር ግን ሥዕሉን አይታ የራሷን እግር አየች። ጫማዋ ተረከዙ ተረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ሆኗል። «እኔንም እንዲህ ካደረገኝ ሰንብቷል» አለች ቀስ ብላ። «ራሴንም ያመኛል። ጎረቤቶቼ ወፈርሽ፣ አማረብሽ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አዋላጇ ወረቀቱን ጣል አድርጋ ሴትዮዋን በክንዷ ይዛ አስገባቻት። የደም ግፊቷን ለክታም ወዲያው መኪና አስጠርታ ወደ ሆስፒታል ላከቻት። ጋሽ ብሩሽ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚሉት ግን አይሰማም።

ሰኞ ሥልጠናው ሲያበቃ፣ ጋሽ ብሩሽ ከእህታቸው ልጅ ጋር ላፕቶፑን ሲሰበስቡ፣ ከሩቅ የመጣች አዋላጅ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «አባቴ፣ የእኛ እናቶች አለባበስ ሌላ ነው። ይህን ሲያዩ ‹ይቺ የእኛ ሰው አይደለችም› ይሉኛል። ቢቀየር ስንት ቀን ይፈጃል?»

ድሮ ቢሆን «አምጪው፣ እኔ እቀይረዋለሁ» ይሉ ነበር። አሁን ግን «ፋይሉን ራሱን ውሰጅው። የእናቶችሽን ልብስ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሏት።

«ፕሮግራሙንስ የት ልግዛው?»

«አይገዛም፤ ይወርዳል። ይህች ልጅ ታሳይሻለች። ዛሬ ትኮላተፊያለሽ፤ ግድ የለም፣ እኔም ተኮላትፌበታለሁ።»

የእህታቸው ልጅ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አጎቷ እንዳያዩዋት ኬብል መጠቅለል ጀመረች። እሳቸው ግን አይተዋታል። «በሥራዬ ላይ ዘብ ቆሜ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሥራዬ ራሱ ታስሮ ነበር» አሏት። «አሁን ካርድ ቢከፈት ቢዘጋ ሥዕሌን እከፍታለሁ። አንዷ አዋላጅ ለእናቶቿ እንዲሆን ትቀይረዋለች፤ እኔ ስሞትም የሚያርመው አይጠፋም። ለኪራይ በምከፍለው ብር ደግሞ ወረቀት ገዝተን ለሌሎቹ ጤና ጣቢያዎች እናትምበታለን። ያስተማርሽኝን ፈጣሪ በልጅሽ ይክፈልሽ።»

«መጀመሪያ ባል ይስጠኝ፣ ጋሼ» አለች እየሳቀች።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ መሣሪያ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አልመክርህም፤ የያዝከውም ክፉ ነው አልልህም። ነገር ግን የድካምህ ፍሬ በማን እጅ እንዳለ፣ በሩ ሳይዘጋ መርምር። በዕድሜ ከአንተ የሚያንስ ሊያስተምርህ ሲመጣም ወንበር ሳብለት።

ከሳምንታት በኋላ ጋሽ ብሩሽ አዲሱን ፕሮግራም እየተለማመዱ፣ አልገባ ካላቸው ቁልፍ ጋር ሲጨቃጨቁ ስልካቸው ጮኸ። ሲስተር ነበረች።

«ጋሽ ብሩሽ፣ ያቺ ጫማዋን የረገጠችው ሴት በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

ጋሽ ብሩሽ ማውዙን ለቀቁ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ብድግ አሉና፣ ከጫማ ሰፊው መዶሻ ድምፅ በላይ፣ «ተመስገን!» አሉ። ከታች ጫማ ሰፊው፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ «አሜን» አለ።