ባቡሩ እስኪያልፍ

ነይ እስቲ እታለም፣ የአንሶላውን ጫፍ ያዥልኝና አብረን እንጠፈው። የዛሬው ፀሐይ መቼም ለልብስ የታዘዘ ነው። ጉንፋንሽ ለቀቀሽ? ተመስገን። ትንሽ ወደ አጥሩ ጠጋ እንበል፣ እዚህ ይነፍሳል። ድምፄ ከፍ ካለብሽም ይቅር በይኝ፤ ከአጥሩ ወዲያ ያ ባቡር ሲያፏጭ ካልጮኹ አይሰማም...

ማንንም ማለቴ አይደለም። ግን አንዳንዱ ሰው ጡረታ ሲወጣ ይተኛል፣ አንዳንዱ ይነጫነጫል። አንዳንዱ ደግሞ፣ እጁ ይባረክና፣ ሚስቱ ሽንኩርት በተከለችበት መደብ ላይ የመጫወቻ ባቡር ጣቢያ ያበቅላል። እንዴት ያለ ጣቢያ መሰለሽ። ዋሻው ውስጥ ዝናብ ጠብ አይልም። ጠብ የሚለው የወጥ ቤታቸው ጣራ ነው... እሱ ምን ይደረግ? ከልብ ከሠሩ ጠጠር አይቸግርም፤ የሚቸግረው የጣራ ቆርቆሮ ነው።

ተሳፋሪዎቹንስ አይተሻቸዋል? ከእንጨት የተጠረቡ፣ አውራ ጣት የማያክሉ። አንዷ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። የኮቷን ቁልፎች በመርፌ ጫፍ ነው የቀቡላት። ለሴት ልጅ እንዲህ የሚጠነቀቅ ወንድ ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሥርዓታቸውም ሥርዓት ነው። ሐዲዱ በወጥ ቤቱ በርና በልብስ ገመዱ መካከል ያልፍ የለ? ማገጃ ሠሩለት፤ ቀይና ነጭ፣ ከጉልበት የማያልፍ። ባቡሩ ሲመጣ ማገጃው ይወርዳል፣ መንገደኛ ይቆማል። ማን ነው መንገደኛው አትዪኝም? በዚያ ግቢ ከሳቸው ሌላ ማን አለና... ሚስታቸው ናት፣ እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፋ፣ ጫማ የምታክል ባቡር እስክታልፍ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ተራምዳው ብትሄድ፣ "ሕግ ለሁሉም እኩል ነው" ተባለች። እውነት ነው እኮ።

ሰሞኑን ደግሞ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ለጥየቃ ነው፣ እሳቸው እንደሚሉት። የክረምቱንም የበጋውንም ልብስ ይዞ ለጥየቃ መሄድ ብልህነት ነው፤ አየሩ አይታመንም። እኔ እንደ ልማዴ እዚሁ ልብስ ሳሰጣ ነበር። ሻንጣዋን ይዛ ብቅ ስትል ማገጃው ወረደ። ቆመች። ፉርጎዎቹ ተራ በተራ አለፉ። ዓይኗ ግን እሳቸው ላይ ነበር... "የት ነው?" ብቻ ቢሏት፣ እግዜር ይመስክር፣ ሻንጣው እዚያው ይቀመጥ ነበር። እሳቸውም ዝም አላሏትም። ማገጃውን በገዛ እጃቸው አነሱላትና፣

"እለፊ፣ መንገዱ ነጻ ነው" አሏት።

ጨዋነት ማለት ይኼ አይደል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን እንቁላሉን ቀድማ በእግሯ የሄደች አለች...

ምነው፣ ባቡሩ ዝም አለ? ባትሪው አልቆ ይሆናል። እኛ እንደሆነ ስለ አንሶላ ነው የምናወራው።

በይ፣ ያንን የትራስ ልብስ አቀብዪኝና ልግባ። ክፉ አላስብም፣ ታውቂኛለሽ። ጠዋት ማታ ነው የምመርቃቸው። ባቡራቸውን እግዜር ያሳድግላቸው፤ ያሳድግላቸውና እህቷ ደጅ ደርሶ ሰው ጭኖ የሚመለስ ያድርግላቸው። እስከዚያው ያቺን የእንጨቷን ሴት ያቆይላቸው... ሻንጣ ብትይዝም የትም አትሄድባቸውም።