ከግንቡ አናት ስለወደቀው መለኪያ

የምስክሩ ስም፦ ሉዋን ጂንግሼን
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፤ አሁን የባሕር መመልከቻው ግንብ የላይኛው ሰገነት ጠባቂ
አድራሻ፦ ዬንታይ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሕንጻ 7፣ 3ኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ኤፕሪል 4 ቀን 2025፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ15
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ዪን ሾውሊን

ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስቀጣ በመርማሪው ተነግሮኛል። እኔም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ሠላሳ ሁለት ዓመት ስነግር የኖርኩ መሆኔን አስረድቼ፣ ያየሁትንና የሠራሁትን እንደሚከተለው እገልጻለሁ።

በግንቡ ላይ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ጎብኚዎች የመስታወቱ አጥር ላይ እንዳይንጠላጠሉ መጠበቅ፣ ቴሌስኮፑን መወልወልና ከባሕሩ ማዶ ያለው የዳልየን ከተማ ከዚህ ይታያል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አይታይም ማለት ነው። በአጥሩ ላይ ለጽዳት የሚከፈቱ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉ፤ አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በምሥራቅ በኩል። ቁልፋቸው ያለው በእኔ እጅ ብቻ ነው። በሰሜኑ መስኮት ሥር ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት አደባባይ ሲኖር፣ በምሥራቁ ሥር ግን ከጥድ ዛፍ በቀር ምንም የለም።

በዚህ ጉዳይ የተጠረጠሩትን የ78 ዓመቱን አቶ ቹ ያንባይን ያወቅኳቸው ከሁለት ዓመት በፊት፣ እንደ ዛሬው ሁሉ የሙታን መቃብር በሚጠረግበት በዓል ቀን ነው። የሚጠርጉት መቃብር ስለሌላቸው ወደ ግንቡ መጡ። የሚስታቸው አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ ከተማው ባዘጋጀው ጀልባ ወደ ባሕር ተወስዶ ነበር የተበተነው፤ እርሳቸው በዚያ ቀን ዳሌያቸውን ተሰብረው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር አብራ የሄደችው ልጃቸው ናት። አመዱ የተበተነበት ቦታ በቁጥር የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው «መምህር፣ ይቺን ቦታ በዚህ መሣሪያ ፈልግልኝ» አሉኝ።

ወረቀቱን አነበብኩ። ቦታው በስተምሥራቅ ካለው ደሴት ጀርባ ስለሆነ ከግንቡ ጨርሶ አይታይም። ይህን መንገር ነበረብኝ። ነገር ግን ሽማግሌው በዚያ ዳሌያቸው መቶ አርባ ሁለት ደረጃ ወጥተው ገና ትንፋሻቸውን አልሰበሰቡም። ስለዚህ ቴሌስኮፑን በስተሰሜን ወዳለው፣ ለመርከቦች መንገድ ወደሚያመለክተው ቢጫ ተንሳፋፊ አዞርኩና «እዚያ ናቸው» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩ። በመምህርነቴ ዘመን ካርታ አጣምሜ አስተምሬ አላውቅም፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በዓመቱ እንደገና መጡ፣ ዘንድሮም መጡ። በየጊዜው የሰሜኑን መስኮት እከፍትላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም አንድ መለኪያ የማሽላ አረቄ ወደ ተንሳፋፊው አቅጣጫ ያፈሳሉ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡትን ዓሣ የተሞላበት የተቀቀለ ሊጥ ለሁለት እንበላለን። ባለፉት ሁለት ዓመታት ዝናብ ስለነበር ከታች ማንም አልነበረም። ዛሬ ፀሐይ ነበር።

ዛሬ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ መስኮቱን ከፍቼላቸው እጃቸውን እንዳወጡ ከደረጃው የሰው ኮቴ ሰማሁ። አለቃዬ መስሎኝ «ጋሽ ቹ፣ ቶሎ ይበሉ» ብዬ ክርናቸውን ነካሁ። መለኪያው ከእጃቸው ያመለጠው በዚህ ጊዜ ነው። አልወረወሩትም። የመጡት ሁለት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ዳልየን ይታያል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አረቄው ከታች፣ ከሠርጓ ቀን አስቀድማ ፎቶ ስትነሳ በነበረች ሙሽራ ቀሚስ ላይ ተረጨ፤ መለኪያውም ከእርሷ ሁለት እርምጃ ርቆ ተከሰከሰ። የተጎዳ ሰው የለም። ጥቂት ቆይቶ የሙሽራዪቱ እናት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ሰገነቱ ወጣች። «የሙታን መጠጥ ልጄ ላይ ትደፋለህ? ሳታገባ መበለት ልታደርጋት ነው፣ አንተ ሽማግሌ?» አለቻቸው። አቶ ቹ ጎንበስ ብለው «ይቅርታ፤ ሚስቴ ሠርግ ትወድ ነበር» አሉ። ይህ ሴትዮዋን አላበረደም። «በመቃብር ቀን ፎቶ አይነሱም ብዬ ለፍልፌ ነበር። ፎቶ አንሺው ነው ‹ብርሃኑ ጥሩ ነው› ብሎ ጉድ ያደረገን» እያለች ፖሊስ ጠራች።

መርማሪው እንደገለጸልኝ፣ ከከፍታ ላይ ዕቃ መጣል በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን አቶ ቹም ሊታሰሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሚከተለው እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክርናቸውን የነካሁት እኔ ነኝ። ከሁሉም በላይ፣ ትክክለኛውን አቅጣጫ አሳይቻቸው ቢሆን ኖሮ በምሥራቁ መስኮት ያፈሱ ነበር፤ አረቄውም መለኪያውም በጥዶቹ ላይ ይወድቅ ነበር። እርሳቸው ያመኑት የእኔን ጣት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስታቸው ወደሌሉበት ሲያፈሱ እንደኖሩ ከዚህ ወረቀት ከሚሰሙ ብዬ፣ ከመፈረሜ በፊት በራሴ አፍ እንድነግራቸው መርማሪውን አስፈቀድኩ።

ተጨማሪ ቃል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10፦

አቶ ቹን በፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ መርማሪው አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ባዶውን ጨርቅ እያጣጠፉ እስክጨርስ ጠበቁኝና «መምህር፣ ምን ሥራ ስሠራ የኖርኩ ይመስልሃል?» አሉኝ። ጠይቄያቸው እንደማላውቅ ነገርኳቸው። «ወደ ዳልየን በሚሄደው መርከብ ላይ አርባ ዓመት መሪ ነበርኩ። በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ካንተ ቀድሜ ነው ያነበብኩት። ተንሳፋፊውንማ ስንት ጊዜ በጎኑ አልፌያለሁ።»

ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ የእናቷን ስም አታነሳም። ጎረቤትም ሊያነሳብኝ ይፈራል። አንተ ግን በየዓመቱ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ፣ አነጣጥረህ፣ ‹እዚያ ናቸው› ትለኛለህ» አሉ። ቀጥለውም «ለማነጣጠሩ ግን ሰነፍ ነህ» አሉኝ።

ይህ ተጨማሪ ቃል ጥፋቱን ጠቅልዬ በራሴ ላይ ለማድረግ የነበረኝን ሐሳብ ያበላሸዋል። መርማሪውም ባይመዘገብ እንደሚሻለኝ ሊያመለክተኝ ሞክሯል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ያሳየኋቸው ቦታ ሐሰት ስለነበር፣ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቁልፉን ዛሬ አስረክቤያለሁ። ከማስረከቤ በፊት ቴሌስኮፑን ወደ ምሥራቅ አዙሬዋለሁ፤ የሚታየው ደሴቱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለታችንም ነጻ ከሆንን ደረጃውን እንደ ማንኛውም ጎብኚ አብረን ለመውጣት ተስማምተናል። ሚስታቸው ሱይ ዩንፌን ይባሉ ነበር፤ ስማቸውን የጠየቅኩት ዛሬ ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ያልተናገርኩት አልተጨመረበትም፣ የተናገርኩትም አልተቀነሰበትም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሉዋን ጂንግሼን
የመርማሪው ፊርማ፦ ዪን ሾውሊን