እምቢ የሌለበት ጌም

(አዳማ፣ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለች የጌም መሥሪያ ክፍል፣ ከቀትር በኋላ፤ ጌም ሠሪው ምንተስኖት፣ የቀድሞ ሚስቱ የቤዛዊት ታናሽ እህት ውዳሴ ስለ አዲሱ ጌሙ ለመጽሔት የጻፈችውን ረቂቅ በእጁ ይዟል።)

ምንተስኖት፦ አታወጪውም?

ውዳሴ፦ አላወጣውም አልኩህ እኮ።

ምንተስኖት፦ አንድ አንቀጽ ናት! የመጨረሻዋ! ከላይ አወድሰሽ አወድሰሽ፣ ታች ስደርስ በጥፊ!

ውዳሴ፦ የላዩም እውነት ነው፣ የታቹም እውነት ነው። አንዱን ውጠህ አንዱን ልትተፋ ነው?

ምንተስኖት፦ አራት ዓመት ሠራሁት፣ ውዳሴ። አራት ዓመት! የጃፓኖቹን ዓይነት ጌም፣ በአማርኛ፣ ለትልልቅ ሰዎች። ቀልድ መሰለሽ?

ውዳሴ፦ ቀልድ ቢመስለኝ አርባ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ እጫወተው ነበር? ጀግናህ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዳገት ሲወጣ ጉልበቱን ይይዛል፤ ይህን ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ውጊያው ተራ በተራ ስለሆነ ሰው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል ብያለሁ። የሞተ አባቱን ልብስ የሚያጣጥፍበት ቦታ ላይ አልቅሻለሁ፤ ማልቀሴንም አልደበቅሁም።

ምንተስኖት፦ ታዲያ!

ውዳሴ፦ ታዲያ ከአርባ አንዱ አሥራ አምስቱ ከጅብ ጋር ነው። ያው ጅብ፣ ያው ዋሻ። የሐረር ሰው እንኳ በዕድሜው ይህን ያህል ጅብ አያይም።

ምንተስኖት፦ ጉልበት ማጠራቀሚያ ነዋ! የዚህ ዓይነት ጌም ወጉ ነው።

ውዳሴ፦ አውቃለሁ። በጅቡ አልተጣላንም።

ምንተስኖት፦ በምኑ ነው ታዲያ? በመኝታ ቤቱ? ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይፈቀድም ብዬ ፊቱ ላይ ጽፌያለሁ። ትልልቅ ሰዎች ይዋደዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ምን ላድርግ፣ በጸሎት ላሳልፈው?

ውዳሴ፦ ይደሩ! ማን ከለከላቸው? የጀግናህ ሚስት ወለላ ግን ሰው አይደለችም፣ ሽልማት ናት። ጫማ ሲሰጣት ሁለት ነጥብ፣ ሽቶ ሲሰጣት ሦስት። ልቧ ሲሞላ በሩ ይከፈታል። እንደ ቆጣሪ!

ምንተስኖት፦ የጃፓኖቹም እንደዚያ ነው።

ውዳሴ፦ ጃፓኖቹን ተዋቸው። ሽማግሌዎቹ የማን ናቸው?

ምንተስኖት፦ ሽማግሌዎቹ የኔ ናቸው! የጌሙ ትልቁ ሐሳብ እሱ ነው። አንቺም አድንቀሻል፤ ይኸው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ።

ውዳሴ፦ አድንቄያለሁ። ሦስት ሽማግሌ ሊያስታርቋት ደጇ ቆመው፣ እንደ ጦር ሜዳ ተራ እየጠበቁ! ቄሱ «ስለ እግዚአብሔር» ሲሏት ሁለት መቶ ይቀነስባታል። አጎትየው «በእናትሽ አጥንት» ሲላት ግማሽ ጉልበቷ ይወርዳል። ከት ብዬ ሳቅሁ። መሳቄን የተውኩት የሷ ተራ ሲደርስ ነው።

ምንተስኖት፦ ተራ አላት!

ውዳሴ፦ «ዝም በይ»፣ «አልቅሺ»፣ «ጊዜ ስጡኝ በይ»። ሦስቱንም ሞከርኩ። ሦስቱም አንድ መኝታ ቤት ይገባሉ።

ምንተስኖት፦ ትታረቃለች፤ ታሪኩ ነው።

ውዳሴ፦ ጉልበቷ ሲያልቅ ትታረቃለች።

ምንተስኖት፦ ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ኮምፒውተር ያስነካሁሽ እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ጌም ያጫወትኩሽ እኔ ነኝ፣ ጋሼ ጋሼ እያልሽ እግሬ ሥር ስትከርሚ!

ውዳሴ፦ ውለታህን በውሸት ልክፈልህ?

ምንተስኖት፦ ይሄ ጽሑፍ ስለ ጌም አይደለም! ቂም ነው!

ውዳሴ፦ ጌሙስ ስለ ጌም ነው? ወለላ መድኃኒት ቀማሚ ናት። ስትቆጣ የግራ ጆሮዋን ትነካለች። «እያየኸኝ አታየኝም» ትላለች። እናንተ ቤት ይህን ይል የነበረው ማን ነው?

ምንተስኖት፦ ሰው የሚጽፈው የሚያውቀውን ነው።

ውዳሴ፦ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጠባሳም?

ምንተስኖት፦ ጠባሳ የሌለው ማን አለ?

ውዳሴ፦ ቤዛዊት ስድስት ዓመቷ ነበር፣ የፈላ ውሃ ነው። ከእናቴ፣ ከኔና ካንተ በቀር ያየው የለም። አሁን ጌሙን የከፈተ ሁሉ ልብሷን እያስወለቀ ሊያየው ነው። ሰርጓ ለግንቦት መሆኑን ሰምተሃል?

ምንተስኖት፦ ሰምቻለሁ።

ውዳሴ፦ ሰምተህ ነው!

ምንተስኖት፦ ስሟ የለበትም! ፊቷም አይደለም! እሷ እንደሆነች ጌም የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም፤ ከየት ታየዋለች?

ውዳሴ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ምንተስኖት፦ እኔስ አልተወጋሁም? ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፣ ሦስት ጊዜ! አባ ወልደ ትንሣኤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ፀሐይ! ደጅ አቁማ «እምቢ» አለቻቸው። ውሃ እንኳ ሳትሰጥ!

ውዳሴ፦ ውሃውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ወንበርም አውጥቻለሁ። «አባቴ፣ ሰባት ዓመት ስናገር ያልሰማኝን ሰው፣ ዛሬ በእርስዎ አፍ ስለተናገረ እንዴት ልስማው?» ነው ያለቻቸው።

ምንተስኖት፦ ይህን አልነገሩኝም።

ውዳሴ፦ ሽማግሌ መቼ የሰማውን ሁሉ ያወራል።

ምንተስኖት፦ መጀመሪያ ላይ ጌሙ ውስጥ ነበረ።

ውዳሴ፦ ምኑ?

ምንተስኖት፦ «እምቢ» የሚል ምርጫ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። እሱ ከተመረጠ ጌሙ እዚያው ይቆማል፤ ሰውየው ደጅ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ምን ይሠራል? ሌላ ጅብ ይግደል? ስድስት ወር አሰብኩ። አንዲት መስመር አልወጣ አለችኝ።

ውዳሴ፦ እሱን ብትጽፍ ነበር ለትልልቅ ሰዎች ሠራሁ የምትለው።

ምንተስኖት፦ አትስበኪኝ! ያውልሽ፣ እኩል በእኩል፦ አንቺ አንቀጹን አውጪ፣ እኔ ጠባሳውን አጠፋለሁ።

ውዳሴ፦ የእህቴን ትከሻ በአንቀጽ ልትለውጠኝ? ገበያ ነው?

ምንተስኖት፦ መቼም አታየውም እያልኩሽ!

ውዳሴ፦ አይታዋለች።

ምንተስኖት፦ ምን?

ውዳሴ፦ ቅዳሜ ዕለት፣ እኔ ቤት። «ምንተስኖት ምን ሠራ?» ብላ ወንበር ስባ ከኋላዬ ተቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር፣ እመነኝ። ልብስ የሚያጣጥፍበት ጋ ስንደርስ «የራሱ አባት ካፖርት እኮ ነው» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መጫወቻውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሦስቱን ምርጫዎች ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች… ሩብ ሰዓት ያህል።

ምንተስኖት፦ ከዚያስ?

ውዳሴ፦ «ከዚህ ቤት የሚወጣው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ምንተስኖት፦ ምን አልሻት?

ውዳሴ፦ ምን እላታለሁ? ሶኬቱን ነቀልኩላት። በል ልሂድ። ይሞቃል እዚህ። ስወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

ምንተስኖት፦ ሁለተኛው ሽማግሌ ያንዛዛል፣ ይታወቀኛል። እሱ ነው ያሰለቻት። አሳጥረዋለሁ።

ምንተስኖት፦ ጠባሳውንም አነሳለሁ፣ ጆሮዋን መንካቷንም። ለአንቀጹ ብዬ አይደለም፤ አንቀጹ እንዳለ ይታተም።

ምንተስኖት፦ ቆይ፣ ከፈትኩት። ይኸው ሦስቱ። «እምቢ»ን የት ላግባው ትያለሽ፣ ከላይ ወይስ ከታች?